ባለጋቢው፣ ክፍል ሁለት

በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያከራክር የኖረ ጥያቄ ነበር፤ «ባለጋቢው ሞቷል ወይስ አልሞተም?» የሚል። ጥያቄውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ክፍል ሁለትን ለመሥራት የተነሳነውም ለእሱ መልስ ለመስጠት ነበር። በኋላ ግን ለአንዲት ተማሪዬ ከዚያ የሚበልጥ ጉዳይ ሆነ። ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ።

ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ የተመደብኩት መካኒሳ ነው። ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ ዳይሬክተሯ ቢሯቸው ጠርተው፣ «ወጣት ነህ፤ የድራማ ክበቡን አንተ ያዝ» አሉኝ።

«ስለ ድራማ ምንም አላውቅም እኮ» አልኳቸው።

«ካንተ በፊት የነበረውም አያውቅም ነበር» ብለው የአንድ ቁም ሣጥን ቁልፍ ሰጡኝ። ስከፍተው ያገኘሁት አንድ የተቀደደ መጋረጃና ከካርቶን የተሠራ ጎራዴ ነበር።

ልጆቹ ግን እናውቃለን ባዮች ነበሩ። ከትምህርት ቤቱ ወደ ታክሲ መያዣው ሲኬድ በቆርቆሮ የተሠራ ቪዲዮ ቤት አለ። ቅዳሜና እሑድ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው የካራቴውን፣ የሕንዱን፣ የሚበርሩትን ሰዎች ፊልም ሲያዩ ይውላሉ። የሚነገረውን ቋንቋ አይሰሙትም፤ ግድም የላቸውም። በእነሱ አጠራር ዋናው ጀግና «አክተር» ነው፤ የክፉዎቹ አለቃ «ቦስ» ነው። አንድ የማይሻር ሕግም አላቸው፤ አክተር አይሞትም።

ለወላጆች በዓል የምናቀርበውን ስንመርጥ እኔ ስለ ወባ መከላከያ አንድ ነገር አስቤ ነበር። እነሱ በአንድ ድምፅ «የሚበርር ሰው!» አሉ። የሚበርር ሰው ጀርባው ላይ የሚውለበለብ ጨርቅ ያስፈልገዋል። ሰፊ የሆነ፣ ሲሮጡበት ነፋስ የሚሞላው፣ ከየቤቱ የማይጠፋ ጨርቅ ምንድን ነው ብለን ስናስብ ጋቢ ላይ ደረስን። ጀግናችን ባለጋቢው የተባለው በዚህ ምክንያት ነው።

የክፍል አንድ ታሪክ አጭር ነበር። የሰፈሩን አንዲት ቦኖ ቦሱ በሰንሰለት ይቆልፋታል። ሰዉ ጄሪካኑን ይዞ ተሰልፎ ይቀራል። ባለጋቢው ይመጣል፤ ሰንሰለቱን በእጁ ይበጥሳል፤ ቦሱ ሲሸሽ ተከትሎት ወንዝ ውስጥ ዘሎ ይገባል። ወንዙ ከመድረኩ በስተኋላ የወጠርነው ሰማያዊ ሸራ ነበር። ባለጋቢው ከሸራው ጀርባ ከገባ በኋላ ቦሱን በአንገቱ ይዞ ብቅ ማለትና ለወላጆች እጅ መንሳት ነበረበት። ነገር ግን ከሸራው ጀርባ አንድ ሰው አግዳሚ ትቶ ኖሮ ልጁ ጉልበቱን መትቶት ተቀመጠ። ብንጠብቅ አይወጣም። ዳይሬክተሯ አጨበጨቡ፤ ወላጆችም ያለቀ መስሏቸው አጨበጨቡ፤ መጋረጃው ተዘጋ።

በማግስቱ ግቢው ለሁለት ተከፈለ። «ሰጥሟል» የሚሉና «አክተር አይሞትም» የሚሉ። ስለ ክብደትና ስለ መንሳፈፍ ሳስተምር እንኳ አንዱ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ጋቢ ይንሳፈፋል?» አለኝ። እኔም ጥጥ ውኃ እንደሚመጥ፣ የራሰ ጋቢ ለመሸከም እንኳ እንደሚከብድ በደንብ አስረዳሁ። ማስረዳቴን ስጨርስ የኋላው ወንበር ላይ የነበሩት «ሰጥሟል!» ብለው ጮኹ፤ የፊተኞቹ ደግሞ አኮረፉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የባለጋቢው ኃይል ሕግ ወጣለት፤ ጋቢው ደረቅ እስከሆነ ድረስ ኃይል አለው፤ ከራሰ የለውም። ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም፤ ከትምህርቴ ግን የመጣ ስለሆነ ደስ ብሎኛል።

በሁለተኛው ዓመት ክበቡ ሲሰበሰብ ሌላ ርእስ ለማንሳት የደፈረ አልነበረም። ችግሩ የመጀመሪያው ባለጋቢ የስምንተኛ ክፍል ፈተናውን አልፎ ሁለተኛ ደረጃ መግባቱ ነው። ሌላ ልጅ ጋቢውን ቢለብስ ተመልካቹ «ይሄ አክተሩ አይደለም» ይላል። በዚህ ስንጨነቅ ከሰባተኛ ክፍል የመጣች አንዲት ቀጭን ልጅ ከኋላ ተናገረች። ክፍል ውስጥ ካልተጠየቀች የማትመልስ ልጅ ናት። ግቢው ውስጥ የምትታወቀው በከፍታ ዝላይ ነበር፤ ገመዱን ትከሻዬ ድረስ ከፍ ብናደርገውም ታልፈዋለች።

«ባለጋቢው ሰምጦ ጋቢው ከተንሳፈፈ፣ ጋቢውን ማነው የሚያገኘው?» አለች።

«ማነው?»

«ወንዝ ዳር ልብስ የምታጥብ ልጅ ናታ! አውጥታ ታሰጣዋለች። ሲደርቅ ትለብሰዋለች።»

በዓመቱ ውስጥ ከሰማናቸው ሐሳቦች ሁሉ የተሻለ መሆኑ ለሁሉም ገብቶታል፤ ያልተዋጠላቸው ግን ነበሩ።

«ሴት አክተር? ሴት ከሆነች ቦስ ትሁን» አለ አንዱ።

«ሴት ቦስማ በየቤታችን አለች» አለ ሌላው። ሁሉም ሳቀ።

«ባለጋቢ የሚሆን ሰው መዝለል አለበት» አለች ልጅቷ። «ወንዙን የሚዘል ይልበሰው።»

ከትምህርት ቤታችን በታች ወደ ላፍቶ ማሳዎች የሚወርድ ወንዝ አለ። በበጋ ወንዝ ከማለት ቦይ ማለት ይቀላል። ጠበብ ያለውን፣ ማዶው አሸዋ የሆነውን ቦታ እኔ ራሴ መረጥኩ። ውኃው ቁርጭምጭሚት የሚያደርስ መሆኑንም በእንጨት ለክቼ አረጋገጥኩ። ሦስት ወንዶች ሞከሩ፤ ሦስቱም ጭቃ ነክተው ወጡ። ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ፣ ወደ ኋላ ሄዳ፣ ሮጣ ዘለለች። አሸዋው ላይ ቆማ ወደ እኛ ስትዞር «ሴት ቦስ» ያለው ልጅ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ወንዙን አሻግሮ ወረወረላት።

የዚያን ዕለት ሌሎቹ ሲሄዱ እሷ ቀረች።

«ቲቸር፣ እንደ ባለፈው በመድረክ ነው የምንሠራው?»

«አዎ። ለወላጆች በዓል።»

«በቪዲዮ ቢነሳስ? እንደ ሰርግ።»

ለምን እንዲያ እንዳለች ጠየቅኳት። መሬቱን በእግሯ እየጫረች ነገረችኝ። አባቷ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ያን ጊዜ መንገዱ ስላልተዘጋ ወደ አሰብ ይመላለሱ ነበር። መቼ እንደሚመጡ አይታወቅም። መጥተው አንድ ሁለት ቀን ያድራሉ፤ ተመልሰው ይሄዳሉ። ባለፈው የወላጆች በዓል መንገድ ላይ ነበሩ። በትምህርት ቤቶች ውድድር አንደኛ ስትወጣም መንገድ ላይ ነበሩ።

«ስነግረው ጎበዝ ይለኛል» አለች። «ግን አንድ ቀን ስዘል አይቶኝ አያውቅም። ቤታችን እሱ ያመጣው ዴክ አለ። ካሴት ካለ መቼም ቢመጣ ያየዋል።»

እውነቱን ለመናገር ስለ ፊልም ሥራ ከዚያ በፊት አስቤ አላውቅም። ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ምክንያት ሲቀርብልኝ እምቢ ማለት አልችልም። የሰርግ ቪዲዮ ወደሚያነሳው የሰፈራችን ሰው ፎቶ ቤት በማግስቱ ሄድኩ። ሰውየው ጎልማሳ ነው፤ ቀልድ ይወዳል፤ ልጁ እኛ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ይማራል። ጊዜውንም አስቤበት ነበር። ካሜራው በጥር ሥራ ይበዛበታል፤ ከፋሲካ በኋላም እንዲሁ። በዐቢይ ጾም ግን ሰርግ የለም። ይህንን በሥርዓት አስረዳሁት።

«ልክ ነህ ቲቸር» አለኝ። «ካሜራዬም ጾም ላይ ነው። መደርደሪያ ላይ ከሚተኛ እናስገድፈው።»

ታሪኩን እንዲህ አደረግነው። ልጅቷ ልብስ ስታጥብ ጋቢው ተንሳፍፎ ይመጣል። ታሰጣዋለች፤ ትለብሰዋለች፤ ባልዲዋን ስታነሳ ባልዲው እንደ ላባ ይቀልላታል። ቦሱ አልሞተም፤ ከወንዙ ማዶ ተቀምጦ የቦኖዋን ቁልፍ በአንገቱ አንጠልጥሏል። አሁን ክፋቱ ጨምሯል፤ ባለጋቢዋ በመጣች ቁጥር ውኃ የሚረጯት ባልዲ የያዙ ሎሌዎች አሰልፏል። እሷ ግን ሁሉንም አልፋ፣ ጋቢው ጠብታ ሳይነካው ወንዙን ዘላ ቁልፉን ትወስዳለች። የመጀመሪያው ባለጋቢስ? እሱን በተመለከተ ሰፊ ክርክር ተደርጎ፣ ሰምጦ ሳይሆን ወደ ሌላ ሰፈር ሄዶ ሌላ ቦኖ እየጠበቀ ነው ተባለ። ሁለቱም ወገኖች ረኩ።

ማንሳት ስንጀምር ያልጠበቅኳቸው ነገሮች ገጠሙኝ። ልጆቹ ካሜራው ሲዞርባቸው እየተሯሯጡ የነበሩት እንኳ ቀጥ ብለው እንደ ጉርድ ፎቶ ይቆማሉ። ውኃ አጥተው ማልቀስ ያለባቸው ሴቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ፈገግ ይላሉ። ካሜራማኑ ደግሞ ልጅቷን «ሙሽሪት» እያለ ይጠራታል።

«ሙሽሪት፣ ቀስ ብለሽ ነይ፤ ወደ እኔ እያየሽ።»

«ቀስ ብዬ ከመጣሁ ቦሱ ያመልጣል!»

«የት ይሄዳል? ሙሽራው እሱ አይደል?»

ልጅቷ ባልዲውን አነሳችበት። ሎሌዎቹ በሳቅ ወደቁ።

ካሜራማኑ ራሱ አንድ የማይለቀው የሥራ ልማድ ነበረው። በየመሃሉ ታሪኩን ትቶ ቆሞ የሚያየውን ሰው ሁሉ በተራ ያነሳል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ከባድ ምክንያት እንዳለው ነገረኝ። አንድ ጊዜ ሰርግ ሲያነሳ የሙሽራዋን አክስት ዘለላቸው። አክስትየዋ ካሴቱን ከዳር እስከ ዳር አይተው ያገኙት የገዛ ክርናቸውን ብቻ ነው። ነገሩ ዘመድ ከዘመድ አኳርፎ፣ እሱም ሽማግሌ ይዞ ይቅርታ ጠየቀ። «ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አልረሳም» አለኝ። «አንደኛ፣ የመጣ ሰው ሁሉ ፊቱ መግባት አለበት። ሁለተኛ፣ እልልታ ሲሰማ ካሜራው ወደ እልልታው መዞር አለበት። እልልታ ባለበት ትልቅ ነገር አለ።»

እንደ ሰርግ ሕግ ፍጹም ትክክል ነበር። ለእኛ ፊልም እንዴት ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም። ለሁሉ ነገር ምክንያት ያለው ሰው ስለሚያስደስተኝ ራሴን ነቅንቄ አለፍኩ።

የመጨረሻው ቀን እሑድ ጠዋት ነበር። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሰው በወንዙ በኩል ስለሚያልፍ፣ ውኃ የተቸገረውን የሰፈር ሕዝብ እሱ ይሆንልናል ብዬ አስልቻለሁ። እንዳሰብኩትም ነጭ በነጭ ሆኖ ወረደ። ዳር ዳሩን ይዞ ቆመ። የእድሩ ሊቀመንበር እንኳ ጥላቸውን ይዘው ከፊት ቆሙ። እኚህ ሰው ምንም ነገር አመስግነው የማያውቁ ናቸው፤ ለቅሶ ቤት ሲደርሱ እንኳ መጀመሪያ የሚናገሩት «ድንኳኑ ተጣሟል» የሚል ነው።

ካሜራማኑ እንደደረሰ፣ «ቲቸር፣ ዛሬ ቶሎ ነው የምሄደው፤ ሰርግ አለብኝ» አለኝ።

«በጾም?»

«የጴንጤዎች ነው።»

ክበቤ ውስጥ ካሉት ልጆች ብዙዎቹ ከደቡብ የመጡ የጴንጤ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በየጠዋቱ ስማቸውን ስጠራ የኖርኩ ሰው፣ የሥራ ፕሮግራም ሳወጣ የአንዱን ቤት አቆጣጠር ብቻ ይዤ ነበር። ቦሱ ሆኖ የሚሠራው ልጅ ደግሞ ሙሉ ሱፍ ለብሶ መጣ።

«ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«የምታገባው አክስቴ ናት። እኔም ከካሜራማኑ ጋር መሄድ አለብኝ።»

«ሱፉን ለሰርጉ ነዋ የለበስከው!»

«ቦስ ሱፍ ይለብሳል አላሉም እንዴ?»

ስለዚህ ዝላዩ የሚነሳው አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ። ሁሉንም በየቦታው አቆምኩ። ቦሱ ከማዶ ቁልፉን አንጠለጠለ። ሎሌዎቹ ባልዲያቸውን ሞሉ። ልጅቷ ጋቢውን አንገቷ ላይ አሰረች። ቋጠሮውን እኔ ደግሜ አየሁት፤ ሲሮጡበት የሚላላ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ያንቃል። ከንፈሯ ደርቋል።

«አይዞሽ» አልኳት። «ስትለማመጂ ሁልጊዜ አልፈሽዋል።»

«አባዬ የሚያየው ይሄን ነው አይደል?»

«ይሄን ነው።»

እጄን አወረድኩ። ሮጠች። ሎሌዎቹ ረጩ፤ በመሃላቸው አለፈች። ጋቢው ነፋስ ሞላው፤ ከመሬት ተነሳች። በዚያች ቅጽበት ከሕዝቡ መሃል አንዲት እናት አላስችላቸው ብሎ እልልታቸውን ለቀቁት። ልጅቷ ከወንዙ ማዶ አሸዋው ላይ በሁለት እግሯ አረፈች። ቁልፉን ከቦሱ አንገት መነጨቀች። ጋቢውን ዳስሳ ወደ ላይ ከፍ አደረገችው፤ ደረቅ ነው። ሰዉ ፊልም መሆኑን ረስቶ ጮኸ። እኔም የጮህኩ ይመስለኛል። ካሜራማኑ «ድንቅ ነው!» እያለ ዕቃውን ሰብስቦ፣ ቦሱን አስከትሎ ወደ ታክሲው ሮጠ።

ካሴቱ በሚቀጥለው ሳምንት ደረሰ። ልጅቷና እኔ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ቆመን አየነው። ሲከፈት ሁለት ርግቦች በጽጌረዳ ክብ መሃል እየበረሩ መጡ፤ የማቀናበሪያ መሣሪያው ያለው ማስጌጫ ያ ብቻ ነበርና። ልብስ አጠባው ጥሩ ነው። ባልዲው ጥሩ ነው። ሎሌዎቹ ይስቃሉ እንጂ ጥሩ ናቸው። ከዚያ ሩጫው መጣ። ልጅቷ ሮጠች፣ ሮጠች፣ የወንዙ አፋፍ ላይ ደረሰች፤ እልልታ ተሰማ፤ ካሜራው ዞረ። ሰው። ነጠላ። ጥላ። አፍ የከፈተ፣ እጁን ራሱ ላይ የጫነ ሰው። ካሜራው ተመልሶ ሲዞር ልጅቷ ማዶ ቆማ ጋቢውን ታሳያለች።

ካሜራማኑ ግንባሩን ያዘ። «እልል ሲባል እኮ ነው» አለ። «እኔ አይደለሁም፤ እጄ ነው የዞረው። ሙሽሪት፣ ይቅር በይኝ። እደግመዋለሁ፤ በነፃ፣ በፈለግሽው ቀን።»

መድገም ይቻል ነበር። ግን የበልጉ ዝናብ ጀምሮ ወንዙ ድፍርስ ሆኖ ሞልቷል፤ የመረጥኩት አሸዋ በውኃ ተውጧል። እስኪጎድል እንጠብቅ ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አባዬ ለሆሳዕና እደርሳለሁ ብሎ ልኳል» አለች። ካሴቱን ሹራቧ ውስጥ ከትታ በዝናቡ ወጣች።

ካሴቱን ላለማሳየት አስባ እንደነበር በኋላ ነግራኛለች። አልቻለችም። አባቷ ተሳቢያቸውን አስፋልቱ ዳር አቁመው እስኪወርዱ ድረስ እንኳ ሰፈሩ አልታገሳቸውም። ጋራዥ በር ላይ፣ ሱቅ በር ላይ፣ «ልጅህ በረረች እኮ!» ይሏቸዋል። በሆሳዕና እሑድ ከሰዓት እናትየዋ ልጅቷን ልከው እኔን ወደ ቤታቸው አስጠሩኝ።

መንገድ ላይ የምናገረውን አዘጋጀሁ። በሦስት ከፍዬው ነበር። አንደኛ ስለ ሰርግ ካሜራ አሠራር፤ ሁለተኛ ስለ ዝናቡ፤ ሦስተኛ፣ ዝላዩ በእውነት መፈጸሙን እኔ በዓይኔ ያየሁ ምስክር መሆኔን። ልጅቷ ከፊቴ ፊቴ ትሄዳለች።

አባቷ ረጅም ሰው ናቸው፤ በመኪናው መስኮት ስለሚያወጡት ግራ ክንዳቸው ከቀኙ ጠቁሯል። ተነስተው ሁለት እጄን ያዙ።

«መምህር፣ እንኳን ደህና መጡ። እዚህ ይቀመጡ፤ ከፊት።»

ቴሌቪዥኑ ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። እናትየዋ ዳንቴሉን ገልጠው ሻይና ቆሎ አቀረቡልን። ልጅቷ ካሴቱን ዴኩ ውስጥ ከትታ ከበሩ አጠገብ ቆመች። ርግቦቹ መጡ። አባትየው ልብስ አጠባውን ሲያዩ፣ «እንዲህ ታጥቢያለሽ እንዴ? እኔ ስመጣ አይቼሽ አላውቅም» አሉና እናትየዋ ሳቁ። ሎሌዎቹ ሲረጩ ወደፊት ዘንበል አሉ። ከዚያ ሩጫው መጣ፤ እልልታው መጣ፤ ካሜራው ዞረ። ልጅቷ ወደ በሩ ፊቷን መለሰች።

እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ይህ የሆነበት ምክንያት...» ብዬ ጀመርኩ።

አባትየው እጃቸውን አነሱ። «መልሽው» አሉ ልጃቸውን።

መለሰችው።

ተነስተው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጉ። ሰዉ ሁሉ ነጠላውን ይዞ ወደ ግራ ያያል። ከዚያ ዓይኑ ሁሉ ባንድነት ከፍ ይላል፣ ያልፋል፣ ወደ ቀኝ ይወርዳል። አባትየው በጠቆረው እጃቸው መስታወቱን እየነኩ ዓይኖቹን ተከተሉ።

«እዚህ ጋ ከመሬት ለቀቀች» አሉ ቀስ ብለው። «እዚህ ላይ ናት። ኧረ! ኧረ እዩ ከፍታዋን! እኚህን እትዬ እዩአቸው፣ አንገታቸው ሊቀነጠስ ነው። እዚህ ጋ... አረፈች።»

ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «የእድሩን ሊቀመንበር አየሻቸው? ጥላቸውን ጣሉ እኮ! እኚህ ሰውዬ በእኔ ሰርግ ቀን እንኳ ጠጁ ቀጠነ ብለው ነው የሄዱት። እስቲ ድገሚው።»

ተደገመ። ጥላው በእርግጥም ከእጃቸው ይወድቃል። እኔ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ስንት ነገር ስመረምር ይህን አላየሁትም ነበር። ሥራዬ ማስረዳት ስለሆነ አሁንም እንደገና ሞከርኩ።

«እንደሚያዩት ካሜራው መዞር አልነበረበትም፤ ዋናው ዝላይ ስላልተነሳ ውኃው ሲጎድል እንደግመዋለን። እኔ ግን በዓይኔ...»

«ቲቸር» አለች ልጅቷ ከበሩ። ፊቷን ወደ እኛ መልሳለች። «አይቶታል እኮ።»

ሻዬን አነሳሁ።

አባትየው ካሴቱን አስቁመው ወደ ልጃቸው ዞሩ። በሹፌርነት ዘመናቸው ሁሉ ወሬ ይዘው የሚመጡት እሳቸው ነበሩ፤ ስለ በረሃው፣ ስለ ወደቡ፣ ስለ መርከቡ። አሁን ጠያቂው እሳቸው ሆኑ።

«እስቲ ንገሪኝ» አሏት። «ላይ ስትሆኚ ምን ይታያል?»

ልጅቷ ወደ እኔ አየች፤ ወደ እናቷ አየች። ከዚያ ሳቋ አመለጣት።

«ምንም አላየሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

«እስክታርፊ?»

«እስካርፍ! ፈርቼ ነበራ!»

አባትየው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እናትየዋ «በስመ አብ!» ብለው አማተቡ። እኔ በፊዚክስ በኩል ስንት አደጋ ሊደርስ ይችል እንደነበር እያሰብኩ ትንሽ ላበኝ፤ በኋላ ግን እኔም ሳቁ ያዘኝ።

«እንግዲያው አንቺም አላየሽውም ማለት ነው» አሉ አባትየው ዓይናቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ። አልጋው ጠርዝ ላይ ሄደው ተቀመጡና አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላት። «ነይ፣ አብረን እንየው።»